ዝም ያለ መሣሪያ ሁሉ የተበላሸ አይደለም
(ስለ ዩኤስቢ ሲሪያልና ስለ ሊኑክስ ኮምፒዩተር)

«ሰክተነዋል፣ መብራቱም በርቷል፣ ኮምፒዩተሩ ግን አላወቀውም።» ይህ አነጋገር በቤተ ሙከራ ውስጥ አዘውትሮ ይሰማል። ቀጥሎ የሚሰጠው ፍርድም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «እንግዲያው ተበላሽቷል!» በመሠረቱ ግን በመሣሪያውና በኮምፒዩተሩ መካከል ያለው መንገድ አንድ ወጥ መንገድ አይደለም። ኬብል አለ፣ አስተርጓሚ ቺፕ አለ፣ የሊኑክስ ከርነል አለ፣ የፈቃድ ጉዳይ አለ፣ የፍጥነት ስምምነት አለ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ መንገዱ ቢቋረጥ ውጤቱ ያው ዝምታ ነው። ስለሆነም ዝምታውን ብቻ አይቶ መሣሪያውን መኮነን፣ ተማሪው ስላልመለሰ ብቻ ትምህርቱ አልገባውም እንደ ማለት ነው። ምናልባት ጥያቄውን አልሰማ ይሆናል።

እኛ ሠልጣኞች ይህን ጉዳይ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማብራራት የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ በምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ስድሳ ተማሪዎች አንዲት ቴርሞሜትር ከበው ሲገፋፉ ከማየት ይልቅ፣ የሚቀዘቅዘው ውሃ የሙቀት መጠን በየሴኮንዱ በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ሲወርድ ለሁሉም ማሳየት እንደሚሻል አያከራክርም። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ አነስተኛ ሰሌዳ፣ አንድ የሙቀት መለኪያና ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም። ሰሌዳው ግን «አይሠራም» ተብሎ ቁም ሣጥን ከተቆለፈበት ትምህርቱም አብሮ ተቆለፈ ማለት ነው።

እንደ ምሳሌ የምንወስደው የአርዱይኖ ዓይነት ሰሌዳ ነው። አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ለተማሪዎች መማሪያ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ንድፉ ለማንም ክፍት ስለሆነ ብዙ ፋብሪካዎች አስመስለው ይሠሩታል። በርካሾቹ ሰሌዳዎች ላይ የሚገኘው አስተርጓሚ ሲኤች340 የሚባል የቻይና ቺፕ ነው። ኮምፒዩተራችን ደግሞ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ይሁን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሲሪያል ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሲሪያል ማለት መልእክትን በአንድ ሽቦ ላይ አንዱን ቢት ከሌላው እያስከተሉ መላክ ነው፤ ሰዎች በጠባብ በር ተራ ይዘው አንድ በአንድ እንደሚያልፉ ዓይነት። አሠራሩ አሮጌ ነው። አርኤስ-232 የተባለው የሲሪያል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን በሽቦው ጫፍ የሚገኘው ቴሌታይፕ የሚባለው የጽሕፈት መኪና ነበር። ሊኑክስ እስከ ዛሬ ድረስ የሲሪያል በሮችን «ቲቲዋይ» ብሎ የሚጠራቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዩኤስቢ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ቋንቋውም ፈጽሞ ሌላ ነው። በዩኤስቢ ላይ ኮምፒዩተሩ ካልጠየቀ በስተቀር መሣሪያው በራሱ ጊዜ አይናገርም፤ ሲሪያል ግን ደስ ባለው ጊዜ ይናገራል። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ ያለው ሲኤች340 ሥራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ማስተርጎም ነው። ይህ ከገባን ቀሪው ቀላል ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍነው በፊደላችን እንደሚነበቡት ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይመታሉ። የላቲኑ አጻጻፍ በቤተ ሙከራው በር ላይ ስለተለጠፈ ከዚያ መገልበጥ ይቻላል። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደሚለያይም አይረሳ። ለምሳሌ «ቲቲዋይዩኤስቢ0» በሚለው ስም «ቲቲዋይ» በትናንሽ፣ «ዩኤስቢ» በትላልቅ ፊደላት ይጻፋል። በመጨረሻ ያለው ዜሮ ቁጥር ነው እንጂ ኦ አይደለም።

በመጀመሪያ ኬብሉ ይታይ። በተራ የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ቀዩ 5 ቮልት ያመጣል፣ ጥቁሩ መመለሻው ነው፣ አረንጓዴውና ነጩ መልእክቱን ያመላልሳሉ። የስልክ ባትሪ ለመሙላት ብቻ ተብለው በሚሠሩ ርካሽ ኬብሎች ውስጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀዩና ጥቁሩ ብቻ ናቸው ያሉት። እንዲህ ዓይነቱ ኬብል ሰሌዳው ላይ ያለውን መብራት ቦግ አድርጎ ያበራል፤ መልእክት ግን አያሻግርም። ስለዚህ «መብራቱ በርቷል» የሚለው ማስረጃ ኃይል መድረሱን ነው እንጂ ሌላ ምንም አያረጋግጥም። መፍትሔውም ፋይል ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ያስተላለፈ፣ የተሞከረ ኬብል መያዝ ነው። ይህን ነገር ሰዎች ይንቁታል። እኛ ግን ከሁሉም በፊት የሚታየው ይህ እንዲሆን አጥብቀን እንመክራለን፤ ምክንያቱም በግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ ምርመራ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን አይቶት እንደሆነ እንጠይቀው። ተርሚናሉን ከፍተን «ኤልኤስዩኤስቢ» ብለን ስንመታ በዩኤስቢ የተያያዙትን ሁሉ ይዘረዝርልናል። እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ታርጋ የሚያገለግል ቁጥር አለው፤ የሲኤች340 ታርጋ 1ኤ86:7523 ነው። ይህ ቁጥር ከታየ ኬብሉም ቺፑም ደኅና ናቸው። ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳው ደግሞ የከርነሉን ማስታወሻ የሚያሳየው ትዕዛዝ ነው፦ «ሱዶ ዲሜሴጅ -ደብልዩ» (አጻጻፉ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው)። ይህን አስጀምረን፣ ሰሌዳውን ነቅለን መልሰን ብንሰካ፣ ከርነሉ የሚያደርገውን ሁሉ ዐይናችን እያየ ይጽፈዋል። ሁሉም ደኅና ከሆነ የመጨረሻው መሥመር «ሲኤች341 መቀየሪያ ከቲቲዋይዩኤስቢ0 ጋር ተያይዟል» የሚል ይዘት ይኖረዋል። ቺፑ 340 ሆኖ ድራይቨሩ 341 መባሉ አያስደንግጥ፤ ስሙ ነው። ድራይቨር ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ መንከራተትም አያሻም፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። በዋናዎቹ የአርዱይኖ ኡኖ ሰሌዳዎች ላይ አስተርጓሚው ሌላ ስለሆነ የበሩም ስም «ቲቲዋይኤሲኤም0» ይሆናል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ ደረስን። በኡቡንቱ 22.04፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በወጣው እትም ላይ፣ ከርነሉ «ተያይዟል» ብሎ ከጻፈ በኋላ ወዲያው፣ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ፣ «ተለያይቷል» ብሎ ሲጽፍ ይታያል። በሩ ይከፈትና ድርግም ብሎ ይዘጋል። ሰሌዳው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ግን እምቢ ይላል። ይህን ያየ ሰው ቺፑን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ማስታወሻውን በጥሞና ያነበበ ሰው በሁለቱ መሥመሮች መካከል «ቢአርኤልቲቲዋይ» የሚል ስም ያገኛል። ጉዳዩ እዚህ ነው።

ቢአርኤልቲቲዋይ ዐይነ ስውራን የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ በጣታቸው ዳስሰው በብሬል እንዲያነቡ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። አንድ የብሬል ማንበቢያ መሣሪያ በውስጡ ይህንኑ የሲኤች340 ቺፕ ከነታርጋው ይጠቀማል። ስለዚህ ፕሮግራሙ 1ኤ86:7523 የሚለውን ታርጋ ባየ ቁጥር «የኔ ነው» ብሎ ከከርነሉ እጅ ይነጥቀዋል። የኛ ሰሌዳ የብሬል ማንበቢያ አይደለም፤ ግን ታርጋው አንድ ስለሆነ በምን ይለየው? ሁለት ሰዎች አንድ ስም ስላላቸው ደብዳቤው ለተሳሳተው ሰው እንደሚደርስ ነው።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ቢአርኤልቲቲዋይ» ብለህ ፕሮግራሙን አጥፋው! እውነት ነው፣ ይሠራል። ፕሮግራሙ ጠፍቶ ሰሌዳው ተነቅሎ ሲሰካ በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ነገር ግን እኛ ይህን ምክር እንዳለ ለመቀበል እንቸገራለን። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ዐይነ ስውራን ሠልጣኞች ይማራሉ፤ ነገ በምናስተምርበት ትምህርት ቤትም ዐይነ ስውር ተማሪ ወይም ዐይነ ስውር መምህር ይኖራል። የጋራ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ የኛ ቴርሞሜትር እንዲናገር ብለን የሌላውን ሰው ማንበቢያ ማጥፋት ተገቢ አይደለም። በግል ኮምፒዩተር ላይ ባለቤቱ እንደ ፈቀደ ያድርግ። በጋራው ላይ ግን የተሻለ መንገድ አለ። «85-ቢአርኤልቲቲዋይ.ሩልስ» የሚባለውን የደንብ ፋይል «ኢቲሲ» በሚለው ማኅደር ሥር ወዳለው የ«ዩዴቭ» ደንቦች ቦታ ገልብጦ፣ በግልባጩ ውስጥ ያንን ታርጋ የሚጠቅሰውን መሥመር ብቻ በፊቱ የመሰላል ምልክት አድርጎ ማገድ ነው። ከዚያም «ሱዶ ዩዴቭኤድም ኮንትሮል --ሪሎድ» ብለን አዲሱን ደንብ እናስነብበዋለን። ሌሎቹ የብሬል መሣሪያዎች እንደ ቀድሞው ይሠራሉ። የሚቀረው ያ ሲኤች340 ያለበት ማንበቢያ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው በተቋሙ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይገባል። ሥራው አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

በሩ ተከፍቶ ከቀረ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ዘበኛ ፈቃድ ነው። «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስ ያገኘ ሰው መሣሪያው ችግር የለበትም፤ የተከለከለው ሰውዬው ራሱ ነው። «ኤልኤስ -ኤል» ብለን የበሩን ዝርዝር ስናይ ባለቤቱ «ሩት» የተባለው አስተዳዳሪ፣ የተፈቀደለትም ቡድን «ዳያልአውት» መሆኑን እናነባለን። ስሙ በስልክ መሥመር በሞደም ይደወል ከነበረበት ጊዜ የቀረ ነው። እንግዲህ ራሳችንን የዚህ ቡድን አባል ማድረግ አለብን፦ «ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ዳያልአውት» ብለን የተጠቃሚ ስማችንን እናስከትላለን። እዚህ ላይ ትንሿ «ኤ» እንዳትረሳ አደራ። «ኤ» ማለት «ጨምር» ማለት ናት። እርሷ ከሌለች ትዕዛዙ እኛን ከሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ አውጥቶ በዚህ በአንዱ ብቻ ያስቀረናል። ያን ጊዜ «ሱዶ» የማለት መብታችንም አብሮ ይሄዳል። ከዚያም ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል፤ አባልነቱ የሚጸናው በአዲስ መግቢያ ነውና። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ «ችሞድ 666» ብለው በሩን ለሁሉም ይበረግዱታል። ሰሌዳው ተነቅሎ ሲሰካ በሩ አዲስ ስለሚሠራ ያ ፈቃድ ይጠፋል፤ ነገም ያንኑ መድገም ነው። ምን ዋጋ አለው?

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የምንነጋገርበት ፕሮግራም ይከፈታል። ቀላሉ «ስክሪን» ነው፦ «ስክሪን /ዴቭ/ቲቲዋይዩኤስቢ0 9600»። ለመውጣት ኮንትሮልና ኤ ተጫንቶ፣ ቀጥሎ ኬ፣ ቀጥሎ ዋይ ይመታል። ሳይወጡ መስኮቱን ብቻ መዝጋት አንዳንድ ጊዜ በሩን እንደ ተያዘ ስለሚያስቀረው ቀጥሎ የሚመጣው ሰው «በሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ሌላው «ሚኒኮም» ነው። ይህኛው በልማዱ «ሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል» የሚባለውን ይዞ ስለሚነሣ፣ ከሰሌዳው የሚመጣውን እያሳየ ከኛ የሚሄደውን ሊያግድ ይችላል። ከማስተካከያው ገብቶ ማጥፋት ነው።

9600 ያልነው ቁጥር ፍጥነቱ ነው፤ በሴኮንድ 9600 ቢት። አንድ ፊደል ሲላክ 8 የመልእክት ቢቶች፣ አንድ የመጀመሪያና አንድ የመጨረሻ ቢት፣ በድምሩ 10 ቢት ይሆናል። ስለዚህ በሴኮንድ 960 ፊደላት ያልፋሉ። አንዱ ቢት በሽቦው ላይ የሚቆየው 104 ማይክሮሴኮንድ ያህል ነው። የሰዓት ምልክት የሚወስድ የተለየ ሽቦ ስለሌለ ላኪውና ተቀባዩ ፍጥነቱን አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ሰሌዳው በ9600 እየላከ ኮምፒዩተሩ በ115200 ቢያዳምጥ፣ አንዱን ቢት አሥራ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል፤ የሚታየውም የተምታታ ምልክት ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲታወቅ እንፈልጋለን፦ የተምታታ ምልክት ማየት የምሥራች ነው! ኬብሉ፣ ቺፑ፣ ከርነሉና ፈቃዱ ሁሉ ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ የቀረው ቁጥሩን ማስተካከል ብቻ ነው። ጨርሶ ዝምታ ከሆነ ግን ፍጥነቱን ከመነካካት በፊት ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደሙትን ደረጃዎች ማየት ይገባል።

በኮምፒዩተሩ በኩል ያለው ሁሉ ደኅና መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ፈተና አለ፤ ለክፍል ማሳያም በጣም ያምራል። ለብቻው የሚሸጥ የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያ ወስደን፣ መላኪያውን (ቲኤክስ) ከመቀበያው (አርኤክስ) ጋር በአንዲት አጭር ሽቦ እናገናኛለን። በስክሪን ከፍተን ፊደል ስንመታ፣ ፊደሉ በቺፑ በኩል ወጥቶ በሽቦዋ ዞሮ ተመልሶ ገጹ ላይ ይታያል። ሽቦዋን ስንነቅላት ምንም ብንመታ አይታይም። መልሰን ስናገናኛት ይታያል። ተማሪ የራሱን ድምፅ ከገደል ማሚቶ እንደሚሰማ ያህል ነው። ከዚህ ፈተና ጋር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን፦ የእነዚህ ሰሌዳዎች ሲሪያል በ0 እና በ5 ቮልት (አንዳንዱ በ3.3 ቮልት) መካከል ነው የሚሠራው። የጥንቱ አርኤስ-232 ግን ከሲደመር 3 እስከ 15፣ ከሲቀነስም 3 እስከ 15 ቮልት ይደርሳል። ዘጠኝ እግር ካለው የአሮጌ መሣሪያ መሰኪያ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሽቦ መዘርጋት ሰሌዳውን ማቃጠል ነው። ያን ጊዜ «ተበላሽቷል» ቢባል ልክ ነው።

ሁለት ሰሌዳዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተሰኩ ስማቸው ቲቲዋይዩኤስቢ0 እና 1 ይሆናል፤ የትኛው 0 እንደሚሆን ግን በአሰካካቸው ቅደም ተከተል የሚወሰን ስለሆነ ነገ ሊገለባበጥ ይችላል። «/ዴቭ/ሲሪያል/ባይ-ፓዝ» በሚለው ማኅደር ውስጥ ያሉት ስሞች ግን የተሰኩበትን ቀዳዳ ስለሚከተሉ አይለዋወጡም።

የቀረው ልኬቱ ነው። ለመለኪያ የምንጠቀምበት ኤልኤም35 የተባለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። ሰሌዳው ደግሞ 5 ቮልቱን በ1024 እርከኖች ስለሚከፍል አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ያህል፣ ማለትም ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ገጹ ላይ 24.41 ከዚያ 24.90 ከዚያ ተመልሶ 24.41 ቢመጣ ሙቀቱ እየዘለለ አይደለም፤ ከዚህ ያነሰ እርከን ስለሌለ ነው። ተማሪዎች ይህን መጠየቃቸው ስለማይቀር መልሱን ይዞ መግባት ይበጃል። ሌላም ነገር አለ፦ በሩ በተከፈተ ቁጥር የአርዱይኖ ሰሌዳ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሴኮንዶች ዝምታ ናቸው። በዚያ ጊዜ የተላከ ትዕዛዝ ሁሉ ይጠፋል። ታገሡት። ልኬቱን በፋይል ለማስቀመጥ «ስክሪን» ከሚለው ቀጥሎ «-ኤል» (ትልቁን) መጨመር በቂ ነው፤ «ስክሪንሎግ.0» በሚባል ፋይል ይከማቻል። ኤልኤም35 ውሃ ስለማይችል በቀጭን ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣሳው ውጭ በኩል ይታሰር፤ የፈላ ውሃውም ከመቀዳቱ በፊት ምዝገባው ይጀመር፤ ፈጥኖ የሚወርደው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሙቀት እንዳያመልጥ።